ሳል የሌለው የሕፃናት ቲቢ
(በሬዲዮ ከቀረበ የጤና ንግግር)



ቲቢ ሲባል በብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስል፣ ከስቶ ጉንጩ የጎደጎደ ትልቅ ሰው ነው። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕልም ይኸው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ይመርመር የሚለውን ምክር ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በትልቅ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ስናለብሰው እጅጌው ይረዝማል።

ዛሬ ኢንሻአላህ የምንነጋገረው ስለማያስለው ልጅ ነው። አንገቱ ላይ እጢ ስለወጣበት፣ ጀርባው መጉበጥ ስለጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሰው ጨዋታ ስለተወ፣ ጆሮው ለወራት መግል ስለሚያወጣ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉት ልጆች ቲቢ ይዟቸው ሳለ ቤተሰብም ሐኪምም ሌላ ስም እየሰጣቸው ወራት ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች በቲቢ ይታመማሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሽታቸው ሳይታወቅ ወይም ሳይመዘገብ ይቀራል። መድኃኒቱ አለ፤ በመንግሥት የጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ችግሩ ያለው ልጁ መድኃኒቱ ዘንድ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሀገራችን የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 ሀገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከሚመዘገቡት ሕሙማን ሲሦ ያህሉ በሽታው ከሳንባ ውጪ ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ "ያልተለመደ" እያልን የምንጠራው የቲቢ ዓይነት በኛ ሰፈር ያን ያህል እንግዳ አይደለም። እኛው ሳናውቀው ነው።

በመጀመሪያ ሕፃኑ ከትልቁ ሰው ለምን እንደሚለይ እንይ። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ጀርም ለይቶ ካሳወቀ ወዲህ ምርመራው በዋናነት የቆመው አክታን በማይክሮስኮፕ በማየት ላይ ነበር። ትልቅ ሰው ሳንባው ተቦርቡሮ በሚታመምበት ጊዜ በአክታው ውስጥ እጅግ ብዙ ጀርም ይወጣል። ሕፃን ግን እንዲህ አይደለም። አንደኛ፣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ጀርም ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ አክታውን አይተፋም፤ ይውጠዋል። "እህ ብለህ ትፋ" ቢሉት ምራቁን ነው የሚሰጠው። ሦስተኛ፣ የሕፃን ሰውነት ጀርሙን ባለበት ከልሎ የመያዝ አቅሙ ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ጀርሙ ከሳንባ ተነስቶ በደም አማካይነት ወደ አንጎል ሽፋን፣ ወደ አጥንት፣ ወደ እጢዎች ይሄዳል። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጀርሙ ገብቶበት መከላከያ ካልተሰጠው ግማሽ ያህል የመታመም ዕድል አለው። ከአምስት እስከ አስር ዓመት ያለ ልጅ ግን ጀርሙ ቢገባበትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ያልፋል። ዕድሜ እንዲህ ያለ ልዩነት አለው።

ከዚህ ተነስቼ ለወላጅም ለባለሙያም አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሕፃን ሲታመም በላቦራቶሪ ከሚጠየቀው ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት "ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ባለፈው አንድ ዓመት ቲቢ የታከመ ሰው አለ?" የሚለው ነው። ሕፃን ቲቢን ከሜዳ አያመጣውም። ከአያቱ፣ ከአባቱ፣ ከሞግዚቱ፣ ቤት ከተከራየው ሰው ነው የሚያገኘው። "ቤት" ስንልም ጣሪያውን ብቻ አይደለም። ልጁ ቀኑን የሚውለው ጎረቤት ቡና በሚፈላበት ክፍል ከሆነ እሱም ቤቱ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኮልኩለው ቁርአን የሚቀሩ ልጆች ካሉና ኡስታዙ ወር ሙሉ ካሳለ፣ እሱም ጥያቄው ውስጥ ይገባል። ብዙ እናቶች ይህን ጥያቄ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። አማቷ ናቸው የሚያስሉት፤ በሰው ፊት የአማቷን ገመና ማውጣት ሆኖ ይታያታል። እናቴ፣ እህቴ፣ ይህ ሐሜት አይደለም። ለሐኪሙ ለብቻሽ ንገሪው። እሳቸውም ይታከማሉ፣ ልጅሽም ይድናል።

አሁን ወደ በሽታው መልኮች እንለፍ። በብዛት የሚታየው የአንገት እጢ ነው፤ ሕዝቡ ንፍፊት የሚለው። ሁሉም ንፍፊት ቲቢ አይደለም። ልጅ ጉሮሮው ሲቆስል ወይም ጥርሱ ሲበላሽ አንገቱ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ሲነኩት ያመዋል፣ ይሞቃል፣ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላም ይጠፋል። የቲቢው እጢ ጠባዩ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ በሳምንታት ያድጋል፣ ሲነካ ብዙም አያምም፣ አንዱ እጢ ከሌላው ጋር እየተያያዘ እንደ ዘለላ ይሆናል። እየቆየ ይለሰልስና ይፈነዳል፤ ከፈነዳም በኋላ ቁስሉ እየዳነ እየከፈተ ይከርማል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር የበለጠና ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ተወስዶለት ያልጠፋ የአንገት እጢ ያለበት ልጅ ለቲቢ መመርመር አለበት።

ምርመራውም ከባድ አይደለም። በቀጭን መርፌ ከእጢው ጥቂት ፈሳሽ ይወሰዳል፤ ልጁ የሚያመው ክትባት ሲወጋ ያህል ነው። በሀገራችን ግን ንፍፊት የወጣበት ልጅ መጀመሪያ የሚሄደው ቅጠል ወደሚቀባ ወይም በምላጭ ወደሚበጣ ባህላዊ ሐኪም ነው። ቅጠሉን አልነቅፍም፤ ባህሉን የማናናቅ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የተበጣ የቲቢ እጢ በቀላሉ አይገጥምም። ከዚያም በላይ ምላጩ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሸጋገር ከሆነ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል። ደግሞ ልብ በሉ፦ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ እጢው ለተወሰነ ጊዜ ተለቅ ሊል፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ሰውነቱ ጀርሙን በማጥቃት ላይ ስለሆነ ነው። በዚህ ተደናግጠው መድኃኒት የሚያቋርጡ አሉ፤ ማቋረጥ ሳይሆን ተመልሶ ሐኪሙን ማሳየት ነው የሚገባው።

የአንገት ቲቢ ከተነሳ ስለ ወተት ሳይጠየቅ አይታለፍም። እውነት ነው፣ የከብት ቲቢ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። እርጎውም ከጥሬ ወተት ከተሠራ ያው ነው። ስለዚህ ወተት ይፍላ። ነገር ግን በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በአንገት እጢ ላይ የሚገኘው ጀርም በአብዛኛው ከሰው የሚተላለፈው ነው። ላሟን ብቻ ከሰን በቤት ውስጥ የሚያስለውን ሰው ከረሳን ዋናውን ጉዳይ ሳንነካ ቀረን ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ በእሱ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የአንጎል ሽፋን ቲቢ ይባላል። ማጅራት ገትር ሲባል የምናውቀው ልጅን በአንድ ቀን ውስጥ የሚጥለውን ነው። የቲቢው ማጅራት ገትር ግን በዝግታ ነው የሚመጣው። በብዛት የሚይዘው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ ጀርሙ ወደ ሰውነት በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ይነሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ምልክት ይህ ነው የሚባል አይደለም። ልጁ ዝቅተኛ ትኩሳት አለው፣ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል። ከሁሉም በላይ ግን መጫወት ይተዋል። እናትየው "ልጄ ልጄ አይመስለኝም" ትላለች። ይህን ቃል የሰማ ባለሙያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ልጁን እንደገና ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ከሆነ "ራሴን አመመኝ" ይላል፤ ሕፃን ከሆነ እርግብግቢቱ ያብጣል። ለወባ፣ ለጨጓራ፣ ለጥርስ መድኃኒት ሲሰጠው ይሰነብታል።

በሁለተኛው ደረጃ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዱ ዐይኑ ሸውራራ ይሆናል ወይም አንድ ጎኑ ይዝላል። በሦስተኛው ደረጃ ራሱን ይስታል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናል። በሦስተኛው ላይ የደረሰ ግን ቢተርፍ እንኳ ከጉዳት ጋር ነው። በዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የአንጎል ሽፋን ቲቢ ይዟቸው ከታከሙት ልጆች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል ይሞታል። ከተረፉትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መስማት፣ ማየት፣ መራመድ ወይም መማር ላይ ጉድለት ይቀርባቸዋል። ያልታከመ ልጅ ደግሞ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሳምንታት ነው፣ አንዳንዴም የቀናት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንቅፋት ይሆናሉ፤ ሁለቱንም በግልጽ መናገር ይሻላል። አንደኛው፣ ልጁ ሲንቀጠቀጥና ዐይኑ ሲዞር ቤተሰብ "ጂን ለክፎት ነው"፣ "ዐይን ነው" ብሎ ይዞት ሩቅያ ወደሚያደርግ ሰው ይሄዳል። ሩቅያ ይደረግለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መኪና ውስጥም መቅራት ይቻላል። ሩቅያ የሚያደርጉ ወንድሞችንም አደራ የምለው፣ ትኩሳት ያለው ወይም አንገቱ የደረቀ ልጅ ሲመጣላቸው ያንኑ ሰዓት "መጀመሪያ ሐኪም ቤት" እንዲሉ ነው። ሕዝቡ ከኛ ይልቅ እነሱን ይሰማል። ከእነሱ አንዷ ቃል የኛን አስር ንግግር ታስንቃለች።

ሁለተኛው እንቅፋት ከጀርባ ውሃ የመቅዳት ፍርሃት ነው። የአንጎል ሽፋን ቲቢን ለማወቅ ከታችኛው ጀርባ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ መውሰድ ያስፈልጋል። "ልጁን ሽባ ያደርገዋል"፣ "የእገሌ ልጅ ከተቀዳ በኋላ ሞተ" እየተባለ ብዙ አባቶች ፈርመው እምቢ ይላሉ። ሁኔታውን አስተውሉ፦ መርፌው የሚገባው የአከርካሪ ገመዱ ካለቀበት በታች ነው፤ ገመዱን አያገኘውም። ፈሳሹም ሰውነቱ ወዲያው የሚተካው ነው። ታዲያ "ከተቀዳ በኋላ ሞተ" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ይህ ምርመራ የሚታዘዘው በጠና ለታመሙ ልጆች ስለሆነ፣ በበሽታው የሞተው ልጅ ሞት በመርፌው ላይ ይላከካል። ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት እንዳለ ከጠረጠረ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ምርመራ ያደርጋል ወይም ያቆየዋል፤ ያን ማመዛዘን የእሱ ሥራ ነው። የተቀዳው ፈሳሽ ስኳሩ ዝቅ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ፣ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ከተገኙ ቲቢ ይጠረጠራል። ጀርሙ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ በምርመራው አይገኝም። አለመገኘቱ "የለም" ማለት አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ ከተገጣጠመ ሕክምናው ያን ዕለት ይጀመራል፤ ለአንጎል እብጠትም ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ሕክምናው አስራ ሁለት ወር የሚቆይ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የስድስት ወር ጠንከር ያለ ሕክምናንም እንደ አማራጭ አቅርቧል።

ከአንጎሉ ጋር ጎን ለጎን የሚመጣ አንድ ዓይነት አለ። ጀርሙ በደም ተበትኖ በሳንባው ራጅ ላይ እንደ ዳጉሳ ፍሬ የተዘራ ይመስላል፤ የውጭው ስሙም የተገኘው ከዚያው ከእህሉ ነው። ልጁ ይከሳል፣ ያተኩሰዋል፣ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣል። ሲወለድ የሚሰጠው ቢሲጂ ክትባት ትልቁ ጥቅሙ ይህንንና የአንጎሉን ዓይነት በእጅጉ መቀነሱ ነው። ክትባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው በ1921 በፓሪስ ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ ክንዱ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ቲቢ አይይዘውም ብሎ መዝጋት አይገባም።

የጀርባ አጥንት ቲቢ ደግሞ ሌላ ነው። ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1779 ስለጻፈበት እስካሁን በስሙ ይጠራል። ልጅ ጀርባዬን አመመኝ ሲል ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ትልቅ ሰው ሸክም ተሸክሞ ጀርባው ሊያመው ይችላል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ምን ተሸክሞ ነው? መሬት ላይ የወደቀ ነገር እንዲያነሳ ንገሩት። ጤነኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ጀርባው የታመመው ግን ወገቡን ሳያጥፍ በጉልበቱ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚያነሳው። ሌሊት ሲገላበጥ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ አንድ የአከርካሪ አጥንት ወደ ውጭ ቀሰር ብሎ ይወጣል፤ ችላ ከተባለ እግሮቹ ይዝላሉ። "ወድቆ ነው" ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ይወሰዳል። ወጌሻው ያሸዋል፣ ይጎትተዋል። በቲቢ የተበላ አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ነርቩን ሊጫነው ይችላል። ለወጌሻዎች ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ልጅ ጀርባው ላይ እብጠት ካለው እጃቸውን እንዲያነሱ እለምናለሁ። ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በመድኃኒት ብቻ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው። የዳሌና የጉልበት አጥንትም እንዲሁ ይያዛል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሳምንታት የሚያነክስ ልጅ ራጅ ይነሳ።

ደረት ውስጥም ቢሆን መልኩ ይለያያል። ሳንባ አጠገብ ያሉት እጢዎች አብጠው የአየር ቧንቧውን ሲጫኑት ልጁ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያሰማል። አስም ነው ተብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማና በአስም መድኃኒት የማይሻሻል ድምፅ ሲኖር ሐኪሙ ስለ ቲቢ ያስብ። የዋጠው ባቄላ ወይም ዶቃም ሊሆን ስለሚችል ራጁ ለሁለቱም ይጠቅማል።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀስ። ሆዱ የተነፋና ውሃ የቋጠረ፣ የወስፋት መድኃኒት ያልረዳው ልጅ። መድኃኒት ቢደረግለትም ሳያመው ለወራት መግል የሚያወጣ ጆሮ፣ በተለይ መስማቱ ቶሎ ከቀነሰ ወይም ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ። የጣቱ አጥንት ያለ አደጋ አብጦ የቀረ ትንሽ ሕፃን። የዐይኑ ጥቁር ዙሪያ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቶ የሚቀላና ብርሃን የሚሸሽ ልጅ። ቅልጥሙ ላይ ቀይ የሚያም እብጠት የወጣበት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጀርሙ እዚያው ቦታ ስላለ ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ ከሚሰጠው ምላሽ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ሌላም ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ሁሉንም በአንድ የሚያያይዛቸው ነገር ቢኖር ክብደት ነው። የእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ መስመሩ መውጣት ካቆመ፣ ወይም ለምግብ እጥረት የሚሰጠውን ምግብ እየወሰደ ካልጨመረ፣ ካርዱ ራሱ እየተናገረ ነው።

እንግዲህ ምርመራውን በተመለከተ ወላጆች ማወቅ ያለባችሁ አለ። በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ያለው መሣሪያ ጂን ኤክስፐርት ይባላል። ስሙን ስትሰሙ አትደንግጡ፤ እኛ ከምናውቀው ጂን ጋር ዝምድና የለውም! የጀርሙን ዘር ፈልጎ፣ ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ጨምሮ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ የሚናገር መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ተቀብሎታል። ለሕፃናት ለረጅም ጊዜ የነበረው ችግር ግን ናሙና ማግኘት ነበር። ልጁ ጾሙን አድሮ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ ከሆዱ የዋጠው አክታ ይቀዳ ነበር፤ አሁንም በሚያስፈልግበት ቦታ ይሠራል። ለልጁም ለእናቱም ከባድ ነው። ታዲያ የዋጠው አክታ መጨረሻው የት ነው? በሰገራው ይወጣል! በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናትን ሰገራ በጂን ኤክስፐርት መመርመርን ደግፏል። ሰገራውን በቀላሉ በአንድ ደረጃ አዘጋጅቶ የመመርመሩን ዘዴ ካጠኑት መካከልም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ስለዚህ ነርሷ የልጁን ሰገራ አምጪ ስትልሽ "የሳንባ በሽታ እያልሽኝ ሰገራ ምን ያደርግልሻል?" ብለሽ አትሂጂ።

በክንድ ቆዳ ውስጥ የሚወጋውና ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ የሚለካው ምርመራም አለ። እሱ የሚናገረው ጀርሙ ገብቶ እንደሆነ እንጂ ልጁ መታመሙን አይደለም። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ወይም ኤችአይቪ ያለበት ልጅ ላይ ደግሞ ጀርሙ እያለ ባዶ ሊያሳይ ይችላል። በቲቢ የተጠረጠረ ልጅ ሁሉ ኤችአይቪም ይመርመር፤ ይህን የሚሉት ቤተሰቡን ለመጠርጠር ሳይሆን ሕክምናውን ስለሚወስን ነው።

አሁን ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቃል። "ኔጌቲቭ ነው" ብሎ ልጅን ወደ ቤቱ መመለስ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ይከላከልልናል። ነገር ግን በቲቢ ከሚታከሙት ሕፃናት አብዛኞቹ ጀርሙ በላቦራቶሪ ያልተገኘባቸው መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ በሕፃን ላይ ፍርዱ የሚቆመው በብዙ ምስክሮች ድምር ነው፦ የሚያስለው አያት፣ የቆመው ክብደት፣ ያልለቀቀው ትኩሳት፣ ራጁ፣ የእጢው መልክ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ከአስር ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በነጥብ እየደመሩ ሕክምና የመጀመርን መንገድ፣ ራጅ ላለበትም ለሌለበትም ቦታ፣ አሳይቷል። በሌላ ወገን ደግሞ "እስቲ እንሞክረው" ብሎ የቲቢ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ሰጥቶ ማቆም ትክክል አይደለም። ከወሰንን እስከ መጨረሻው ነው።

ሕክምናውም እንደ ድሮው አስቸጋሪ አይደለም። ለልጆች ተብሎ የተሠራው በውሃ የሚሟሟና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው እንክብል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ወጥቷል፤ ኪኒን እየሰበሩ መገመት ቀርቷል። በሽታው ከባድ ላልሆነባቸው ልጆች ሕክምናው በስድስት ወር ፋንታ በአራት ወር ሊያልቅ እንደሚችል ስለተረጋገጠ ይህም ከ2022 ወዲህ በመመሪያ ተካቷል። የአንገት እጢ ብቻ ያለበት ልጅ ከእነዚህ ሊመደብ ይችላል፤ የአንጎሉና የአጥንቱ ግን አይካተቱም። ሽንቱ ቢቀላ ከመድኃኒቱ ነው፤ ደም አይደለም። ዐይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ያኑ ቀን ተመለሱ።

በውጭ ሀገር፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቻችንም ይህ ይመለከታችኋል። እዚያ ያለው ሐኪም በሙያው የተካነ ቢሆንም የአንገት ቲቢ ያለበት ልጅ በዓመት አንድ ላያጋጥመው ይችላል፤ በመጀመሪያም ካንሰርን ነው የሚያስበው። "ኢትዮጵያ ተወልዷል"፣ "ባለፈው ክረምት አያቱ ዘንድ ሁለት ወር ሰንብቶ መጥቷል"፣ "አያቱ ያስሉ ነበር" ብላችሁ ሳትጠየቁ ንገሩት።

እናቶች አዘውትረው የሚጠይቁትን አንስቼ ላብቃ። "ቲቢ የያዘው ልጄ ታናሹን ያስይዝብኛል ወይ?" ትንሽ ሕፃን ጀርሙ ጥቂት ስለሆነና አክታ ስለማይተፋ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላው አያስተላልፍም፤ የአንገትና የአጥንቱም እንዲሁ። ከእህት ወንድሞቹ መለየት አያስፈልግም፤ በትሪው አብረው ይብሉ። "እኔው ራሴ የሳንባ ቲቢ ቢኖርብኝስ፣ ማጥባት ላቁም?" አታቁሚ። አፍሽን ሸፍነሽ፣ መስኮቱን ከፍተሽ፣ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ አጥቢው፤ ሕፃኑ ግን ይመርመርና በሽታው ከሌለበት መከላከያ መድኃኒት ይጀምር። ይህ መከላከያ የሳንባ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ልጆች፣ ከሁሉ አስቀድሞ አምስት ዓመት ላልሞላቸው የሚሰጥ ነው። አባት ወይም አያት ቲቢ አለባችሁ ተብለው ካርድ ባወጡበት ቀን፣ ልጆቹን በማግስቱ እዚያው ክፍል ይዞ መሄድ ነው፤ ባያስሉም፣ ቢጫወቱም።